ወይዘሮ እጸገነት አረጋዊ እና የሉጎ ረግረግ ጭቃ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ፣ ከቄራና ከወሎ ሰፈር፣ እንዲሁም ከሩቅ ከሉጎ በአውቶቡስ ተጉዛችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ ወንበር አጥታችሁ በፀሐይ የቆማችሁም ሁሉ፣ የእናቴ የወይዘሮ ማዕዛ ታላቅ እህት የሆኑትን የወይዘሮ እጸገነት አረጋዊን ዜና ሕይወት በቤተሰቡ ስም አነብላችኋለሁ። እርሳቸው ያልተጣራ ነገር በአደባባይ ሲነገር ስለማይወዱ፣ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከአንድ በላይ ሰው ተጠይቆበት የተጻፈ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የነገረንን፣ ደስ የሚለውንም እንኳ፣ ትተነዋል። በመካከል ቆም ብዬ አንዳንድ ነገር ባብራራ ደግሞ ታገሡኝ፤ ሥራቸው ምን እንደነበረ ሳይገባን ብንሸኛቸው የምንቀብረው ስማቸውን ብቻ ይሆናል።

ወይዘሮ እጸገነት ከአባታቸው ከአቶ አረጋዊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተሚካኤል በአዲግራት አካባቢ በኅዳር ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ቂርቆስ ሰፈር ተቀመጠ፤ እርሳቸውም ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ከበር ውጪ አማርኛ እየተናገሩ አደጉ። አባታቸው ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። አቶ አረጋዊ ከገጠር የመጣ ቅቤ ሲገዙ ላዩን በጣታቸው ጠቅሰው እንደ ሌላው ሰው አይቀምሱም ነበር፤ የተላጠ ረጅም ዘንግ አላቸው፤ ያንን ዘንግ ከዕቃው አፍ እስከ ሥሩ ድረስ ሰድደው፣ ሲያወጡት ጫፉን ያሸታሉ፣ ጫፉን ይልሳሉ፤ ምክንያቱም ላዩ ለጋ ቅቤ ሆኖ መሐሉ የተፈጨ ሙዝ፣ ታቹ ደግሞ እግዜር የሚያውቀው ነገር የሚሆንበት ጊዜ ነበርና። «ላዩን ሻጩ ራሱ ያሳይሻል፤ ታቹን ግን አንቺ ፈልጊ» ይሏቸው እንደነበር ልጆቻቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ይህን ዘንግ እባካችሁ አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ሰፈራቸው አካባቢ ተከታትለው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1966 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመረቁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ መምህራቸው አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «በዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ክፍሉ በሙሉ «ውሃ» ብሎ ሲጽፍ፣ እርሳቸው ብቻ «ማን ከየት እንዳመጣው ስላልተነገረኝ አላውቅም» ብለው ጻፉ። መምህሩ ዜሮ ሰጧቸው፤ አቶ አረጋዊ ግን ነገሩን ሲሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው ሄደው አዲስ ጫማ ገዙላቸው።

በ1967 ዓ.ም. ካዛንቺስ በነበረ አንድ የመንግሥት የውሃ ምርመራ ክፍል ተቀጥረው፣ በሙያቸው እስከ ክፍል ኃላፊነት ደርሰው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው አገለገሉ። ሰፈራችን ግን በማዕረጋቸው አያውቃቸውም፤ «ከየት ነው» በሚለው ቅጽል ስማቸው እንጂ። ሽሮ ሲገዙ ከየት ነው፣ ወተት ሲመጣ ከየት ነው፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ቄጤማ የተሸከመች ልጅ በር ስታንኳኳ «ከየትኛው ረግረግ ነው ያጨድሽው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቷም መልስ ስታጣ ዋጋውን ከፍለው ቄጤማውን እዚያው ይተዉላታል፤ በዓሉንም ባዶ ሲሚንቶ ላይ ያሳልፋሉ። ይህን ያየ ጎረቤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ በበጎ አልተረጎመውም። «ተምረው ከሰው ተለዩ» ያለም አለ፤ «የሚሸሽጉት ነገር ቢኖር ነው» ያለም አለ።

በ1972 ዓ.ም. ወሎ ሰፈር ጋራዥ ከነበራቸው ከአቶ አስመላሽ ጋር በሥርዓተ ቤተክርስቲያን ተጋቡ። ሽማግሌ በተላከ ጊዜ ወይዘሮ እጸገነት በጓደኛቸው በኩል የጋራዡን ደንበኞች አንድ በአንድ አስጠይቀው፣ ፍሬን ሳይበላሽ ተበላሽቷል ብሎ የሚያስከፍል መካኒክ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው እሺ ያሉት፤ በዚህ የተነሣ አቶ አስመላሽ እስከ ዕለተ ሞታቸው «እኔ እኮ ላቦራቶሪ ገብቼ ያለፍኩ ባል ነኝ» እያሉ ሰው ያስቁ ነበር። ራሕዋንና ሃብተአብን ወልደው አሳደጉ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሐምሌ ወር 1993 ዓ.ም.፣ ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ ስሙን በዚህ ቅዱስ ቅጽር የማንጠራው አንድ የወርቅ ማውጫ ኩባንያ ያሠራው የዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። ዝቃጭ ማለት፣ ድንጋዩ ተፈጭቶ ወርቁ ከተለየ በኋላ የሚቀረው እንደ ቀጠነ ሊጥ ያለ ግራጫ ልቁጥ ነው፤ ወርቁ ይሄዳል፣ ከወርቁ ጋር አብረው የነበሩት እርሳስና አርሰኒክ ግን እዚያው ልቁጡ ውስጥ ይቀራሉ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ አሮጌ የመኪና ባትሪ ሆድ ውስጥ ያለውን ከባዱን ብረት ነው። ያ ግራጫ ልቁጥ ወንዙን ይዞ ወርዶ የሉጎ ሰዎች ከብት የሚያጠጡበት፣ ራሳቸውም የሚቀዱበት ሰፊ ረግረግ ውስጥ ገባ። መንግሥት ወዲያው ረግረጉን ከለከለ፤ ለሉጎም በቦቴ መኪና ውሃ ይሄድላት ጀመር።

ወራት አለፉ፤ ውሃው ጠራ። ታኅሣሥ ላይ የወይዘሮ እጸገነት የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባ የሆኑት አቶ ኃይለማርያም ተልከው የረግረጉን ውሃ ቀድተው መረመሩ፤ ንጹሕ ሆኖ አገኙት፤ ንጹሕ ነው ብለውም ፈረሙ። ኩባንያው ይህን ፊርማ ይዞ «ረግረጉ ራሱን በራሱ አጽድቷል፤ እገዳው ይነሣ» ብሎ አመለከተ። ሁለተኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ወረቀቱ ወይዘሮ እጸገነት ጠረጴዛ ላይ መጣ፤ እርሳቸውም «ከየት ነው የተቀዳው?» ብለው ጠየቁ። «ከላይ» ተባሉ። አልፈርምም አሉ።

እዚህ ላይ ላብራራ። ጠላ ጋን ውስጥ ሲያድር ላዩ ይጠራል፣ አተላው ከሥር ይተኛል፤ አንድ ሰው ጋኑን ቢገፋው ግን የጠራው ሁሉ ይደፈርሳል። ከባድ ብረትም እንዲሁ ነው። ከውሃው ወርዶ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ይተኛል፤ ሥጋ ይበሰብሳል፣ ሣር ይበሰብሳል፣ እርሳስ ግን አይበሰብስም፤ መቶ ዓመት ቢተኛ ያው እርሳስ ነው። በበጋ ውሃው እንደ መስታወት ይጠራል፤ በክረምት ጎርፍ ሲገባ፣ ወይም ከብት ሲረግጠው፣ የተኛው ይነሣል። ስለዚህ እገዳው ሰኔ ሳይገባ ቢነሣ፣ በሐምሌ የሉጎ ልጆች የሚጠጡት አተላውን ነበር። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ ወይዘሮ እጸገነት እንቅልፍ ያጡበት፣ ከወዳጅ የተቀያየሙበት፣ በጎረቤት የታሙበት ጉዳይ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የአባታቸው ዘንግ ተመልሶ መጣ። ወይዘሮ እጸገነት ባለቤታቸውን ረጅም ቱቦ ጠየቋቸው፤ አቶ አስመላሽም ከጋራዣቸው ጥሩ የብረት ቱቦ አዘጋጅተው ሲያመጡ «ብረት የሚፈልግ ሰው በብረት ይቆፍራል? የቱቦውን ብረት ከጭቃው ብረት በምን ልለየው ነው?» ብለው መለሱባቸው። አቶ አስመላሽ የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጠው፣ ከኋላው እንደ ፒስተን የሚገፋ እንጨት ገጠሙለት። በዚህ ቱቦ ወደ ሉጎ ሄደው፣ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ጭቃውን ከላዩ እስከ ታቹ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አደረጉት። ይህ ለምን ጠቀመ ብትሉ፣ ጭቃ በየዓመቱ አንዱ በአንዱ ላይ ይተኛልና፣ ታችኛው የድሮው፣ ላይኛው የቅርቡ ነው፤ ኩባንያው «እርሳሱ የመሬቱ የራሱ ነው፣ ከጥንት የነበረ ነው» ቢል፣ ታችኛውን አይቶ ውሸት ነው ወይም እውነት ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ በውሃው ዳር ሆነው ሲመለከቷቸው የነበሩት የሉጎው ሽማግሌ አቶ ደጋጋ፣ ዛሬም እዚህ ከመካከላችን ናቸው፣ «እኛ ወርቅ ወሰዱብን ስንል፣ እርስዎ ደግሞ ጭቃችንን ሊወስዱ መጡ?» ብለው እንደጠየቋቸውና ወይዘሮ እጸገነትም «እመልሰዋለሁ፣ ግን ካናዘዝኩት በኋላ» እንዳሏቸው ሁለቱም ሲተርኩት ሰምተናል።

አሁን የምናገረው ያስተዛዝባል፤ ግን እውነት ነው። የናሙና ደንቡ ጭቃው በቢሮ መጋዘን ተቆልፎ እንዲደርቅ ያዛል። ወይዘሮ እጸገነት ግን መጋዘኑን አላመኑትም፤ ቁልፉ በብዙ እጅ ነው ብለው፣ የኩባንያው ሰዎች በኮሪደሩ ሲመላለሱ አይቻለሁ ብለው፣ ጭቃውን ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ቂርቆስ ከሚገኘው ግቢያቸው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ እየቆራረጡ በነጭ ሳህን በነጭ ሳህን ዘርግተው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ ነፋስ እንዳይገልጠው በድንጋይ አስይዘው አደረቁት። ከዚያም በትንሽ ሙቀጫ ይወቅጡታል፣ በወንፊት ይነፉታል። አጥሩ ደግሞ የጋራ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋአየሁ በዚያ ሰሞን ልጃቸው ሀኒ የራስ ምታት ይዟት አልለቅ ብሏት ተጨንቀው ነበር። አጥሩን ተሻግሮ ዓይናቸው ያየው ምንድን ነው? ቄጤማ ቤቷ የማታስገባ ሴት፣ ከሩቅ አገር አፈር አምጥታ፣ በየሳህኑ ለይታ፣ እየወቀጠች ትነፋለች! በቃ፣ ሌላ ምን ይታሰባል? መተት ነው አሉ። ጸበል አመጡ፣ ወይዘሮ እጸገነት ሥራ በሄዱበት ላስቲኩን ገለጥ አድርገው፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ሳህኖቹን ሁሉ ረጩአቸው።

ወይዘሮ እጸገነት ማታ ሲመለሱ ላስቲኩን ሲገልጡ ደነገጡ። ደረቅ ዱቄት ላይ የውሃ ጠብታ ሲያርፍ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፣ ጠርዙም ይደርቃል፤ ሳህኖቹ ሁሉ ፈንጣጣ የወጣባቸው መሰሉ። ሰው ነክቶታል! ማን? ሐሳባቸው ሳይዘገይ አቶ ኃይለማርያም ላይ አረፈ፤ ምክንያቱም አቶ ኃይለማርያም ባለፈው ቀን ሊጠይቋቸው ቤታቸው መጥተው፣ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ለስላሳ ጠጥተው ሄደዋል፤ «ውሃው ንጹሕ ነው» ብለው የፈረሙትም እርሳቸው ናቸው። ኩባንያው በእርሳቸው እጅ አስነካብኝ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቢሮ ውስጥ እየሠሩ ሰላምታ ነፈጓቸው። የአቶ ኃይለማርያም እናት ሲያርፉ እንኳ ለቅሶ ደርሰው፣ ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ሄዱ። አቶ አስመላሽ «እጹ፣ ሰውዬው እኮ ውሃውን ነው የመረመረው፣ ውሃው ደግሞ ንጹሕ ነበረ፤ ምን ዋሸ?» ቢሏቸው «ያልዋሸ ሰው ሁሉ እውነት ተናገረ ማለት ነው?» ብለው መለሱ። ይህን ሳነብ አቶ ኃይለማርያም ከፊት ተቀምጠው ይሰሙኛል፤ እንዲነበብ ፈቃዳቸውን የሰጡትም ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ በበኩላቸው ሰላም አላገኙም። ሀኒ መነጽር ታዞላት ራስ ምታቷ ተዋት፤ ያን ጊዜ «ታዲያ መተቱ የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ መጣባቸው። ለንስሐ አባታቸው፣ ዛሬ ፍትሐቱን ላደረሱልን ለመምሬ ቀለመወርቅ፣ ነገሩን ተናገሩ፤ እርሳቸውም «ለእኔ የነገርሽውን ሄደሽ ለበደልሻት ለራሷ ንገሪ» ብለው አዘዟቸው። ወይዘሮ ሸዋአየሁም እንደ አገር ባህል ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በአንድ እሑድ ጠዋት የወይዘሮ እጸገነት ቤት በር ላይ ቆሙ። ድንጋዩን ከየት እንዳነሡት ብትጠይቁ፣ ያንኑ የናሙናውን ላስቲክ የሚያስይዘውን ድንጋይ ከዚያው ከግቢው ጥግ አንሥተው ነበር። ወይዘሮ እጸገነት በመጀመሪያ ድንጋዩን አዩት፣ ቀጥሎ ሴትየዋን አዩ።

«ይማሩኝ እትዬ፣ እኔ ነኝ የረጨሁት» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ።

«ድንጋዩን መልሺው፣ ላስቲኩ ይበርብኛል። ይልቅ ንገሪኝ፤ ሁሉንም ሳህን ነው ወይስ ጥቂቱን? በእጅሽ ነው በቅጠል? ጸበሉስ ከየት ነው?»

«ከየት ይሆናል እትዬ? ከደብራችን ነዋ!»

«ቀሪ አለሽ?»

ይቅርታው በዚህ ተፈጸመ፤ ሌላ ቃል አልተጨመረም። ነገር ግን የወይዘሮ እጸገነት ችግር አላለቀም፤ ተባባሰ እንጂ። ባዕድ ውሃ የነካው ናሙና ለምስክርነት አይበቃም፤ በምስጢር ቢይዙት ደግሞ ወይዘሮ ሸዋአየሁ እንዳወቁት ሌላም ሰው ያውቀዋል። በሙያው እንዲህ ሲሆን መፍትሔው አንድ ነው፤ የነካውን ነገር ራሱን ለብቻው መመርመር። የነካው ውሃ ውስጥ እርሳስ ከሌለ፣ ጭቃው ውስጥ የተገኘው እርሳስ ከውሃው አልመጣም ማለት ነው። ስለዚህ ወይዘሮ እጸገነት ሄደው መምሬ ቀለመወርቅን ጸበል ለምርመራ ጠየቁ። ይህ በደብሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዲያቆናቱ መካከል የተቆጣ ነበረ፤ «እሳቸው ደግሞ ጸበልም መጠርጠር ጀመሩ!» ተባለ። መምሬ ግን በመስቀላቸው ባረኳቸውና በንጹሕ ጠርሙስ ቀድተው ሲሰጧቸው «ቶማስም ዳስሶ ነው ያመነው ልጄ፤ ጌታም እጅህን አንሣ አላለውም፤ ብቻ ውጤቱን መጥተሽ ንገሪኝ፣ እኔም ልወቅ» አሏቸው።

ጸበሉ ተመረመረ፤ እርሳስም አርሰኒክም አልተገኘበትም። ጭቃውም ተመረመረ። ታችኛው፣ ማለትም ከግድቡ መደርመስ በፊት የተኛው፣ ንጹሕ ሆነ፤ ከላይ ያለው ጣት የሚያህል ግራጫ መስመር ግን በእርሳስና በአርሰኒክ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። እርሳሱ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በዚያ ሐምሌ የመጣ ነው።

በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ካዛንቺስ በአንድ አዳራሽ ተሰበሰበ። የኩባንያው ተወካይ ከሉጎ የመጣ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ በሰው ፊት ጠጣ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ወይዘሮ እጸገነት ብርጭቆውን ተቀብለው የቀረውን እርሳቸውም ጠጡትና «ውሃው ንጹሕ ነው፣ ማን ካደ? በሐምሌ አብረን እንሂድና ያን ጊዜም እንዲሁ ይጠጡልኝ» አሏቸው። ቀጥለውም ወይዘሮ እጸገነት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ናሙናው ቤታቸው እንደደረቀና ጸበል እንደተረጨበት ራሳቸው ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ። ተወካዩ ተነሥቶ «የተከበሩ ሰብሳቢ፣ በጸበል የተጠመቀ ጭቃ ነው እንግዲህ የሚመሰክርብን?» አለ። ወይዘሮ እጸገነት ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «እርስዎ ውሃ መርምረው ጭቃውን ተዉት፤ እኔ ጭቃውን ስመረምር የነካውን ውሃም መርምሬአለሁ። ከሁለታችን የጎደለ ያቀረበው የትኛችን ነው?» አሉ። ሰብሳቢው ናሙናው እንደገና ተወስዶ በሌላ እጅ እንዲመረመርና እስከዚያ እገዳው እንዲጸና ወሰኑ።

በሌላ እጅ። ወይዘሮ እጸገነት በዚያ ክፍል ውስጥ ከራሳቸው ቀጥሎ እጁ የሚታመን አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ያም ሰው ሰላም የነፈጉት ሰው ነው። እንደገና ሉጎ ወርደው ቱቦዎቹን አመጡ፣ አፋቸውን አሸጉ፣ ስማቸውን ፋቁ፣ ከሌላ ንጹሕ ረግረግ በመጣ ጭቃም ቀላቀሉአቸው፤ የትኛው ከየት እንደሆነ መርማሪው እንዳያውቅ ማለት ነው። ከዚያም ደምበል አካባቢ ወደሚገኘው የአቶ ኃይለማርያም ቤት ይዘው ሄደው በር ላይ ቆሙ።

«ወይ ጉድ! እጸገነት? ምን እግር ጣለሽ?» አሉ አቶ ኃይለማርያም።

«ይህን መርምርልኝ።»

«ከየት ነው?»

«ዛሬ ይህ ጥያቄ የለም።»

አቶ ኃይለማርያም ቱቦዎቹን አገላብጠው አዩና ነገሩ ገባቸው። «ጠርጥረሽኝ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ። ለዚህ እኮ ነው ስሙን የፋቅሁት።»

አቶ ኃይለማርያም በዚያች መልስ እስኪያስላቸው ድረስ እንደሳቁ ራሳቸውም አክስታችንም ነግረውናል። ብዙ ሰው ይህን ይቅርታ ብሎ አይቆጥረው ይሆናል፤ እኛ ግን አክስታችንን ስለምናውቅ፣ ማንንም የማያምን ሰው ጭቃውን አምኖ ለሌላ እጅ ከሰጠ ጉልበት ከመሳም ይበልጣል እንላለን። ውጤቱ መጣ፤ የሉጎዎቹ ቱቦዎች ስማቸው ሳይጻፍባቸው በዚያው በግራጫው መስመር ታወቁ። በሰኔ እገዳው እንዲቀጥል፣ ለሉጎም ከረግረጉ በላይ ካለው ምንጭ ውሃ እንዲሳብላት ተወሰነ። ምንጩንም የመረመሩት፣ አዎ፣ ላዩንም ታቹንም የመረመሩት፣ እርሳቸው ናቸው።

ኩባንያው ሥራውን ዘግቶ ሄደ፤ ጭቃው ግን አልሄደም፤ እዚያው ተኝቷል። ወይዘሮ እጸገነት ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሉጎ እየወረዱ ቱቦአቸውን ይሰዱ ነበር፤ አዲስ ደለል በግራጫው ላይ ቀስ በቀስ እንደሚተኛ፣ መስመሩም እየጠለቀ እንደሚሄድ ያዩ ነበር። «ይሻላል፣ ግን አልዳነም» ይሉ ነበር፤ «የተቀበረ ሁሉ አልሞተም» ማለታቸው ነው። በ2001 ዓ.ም. ውድ ባለቤታቸው አቶ አስመላሽ አረፉባቸው። በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የስኳር ሕመም ጸንቶባቸው ኩላሊታቸውን ጎዳው። በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከትናንት ጀምሮ በዚህ ለቅሶ ውስጥ «ያ ጭቃ ነው የጨረሳቸው» የሚል፣ አልፎም «ሳያበሏቸው አልቀሩም» የሚል ሹክሹክታ እንዳለ ሰምተናል። ይህ እንደሚመጣ እርሳቸው ቀድመው ጠርጥረው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ደማቸውን አስመርምረው እርሳስ እንዳልተገኘ ካረጋገጡ በኋላ ለራሕዋ «ስኳር ነው የገደላት በሉ። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስጨምር የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ኩባንያው አይደለም። በእኔ ሞት ውሸት ከተጨመረበት፣ ስለ ሉጎ የተናገርኩትን እውነት ማን ያምናችኋል?» ብለው አዝዘዋል። ስለዚህ የምትወዱአቸው ከሆነ ሹክሹክታውን እዚሁ ቅጽር ውስጥ ተዉት።

መጠርጠር የምትፈልጉ ከሆነ የሚጠረጠር ሌላ ነገር አለ። ዘንድሮ «ብዙ ዓመት አልፏል፣ ውሃውም ጠርቷል፣ እገዳው ይነሣ» የሚል ወሬ እንደገና መሰማት ጀምሯል። ወይዘሮ እጸገነት ከአልጋ ሳይወርዱ ይህን ሰምተው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከየት ቀዱት?» መልሱን ሳያገኙ አለፉ። አቶ ኃይለማርያም ቱቦውን ተረክበዋል፤ ሃብተአብም አብሯቸው ለመሄድ ቃል ገብቷል።

ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል የሉጎ ሰዎች ደረሱ። አቶ ደጋጋ እርጥብ ቄጤማ በእቅፋቸው ሙሉ ይዘው ነበር። ለለቅሶ ቤት ቄጤማ እንደማይገባ እናውቃለን፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ለምለም ሣር የምስጋናም የስንብትም ነው። ሁላችንም ምን እንደምንል ጨንቆን ሳለ፣ በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሽማግሌውን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸውና፣ ዕንባቸው በፊታቸው እየወረደ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ከየት ነው?» አሏቸው። አቶ ደጋጋም «ከላይኛው ምንጭ ነው እህቴ። ሳልጠየቅ በዚህ በር እንደማልገባ እያወቅኩ ከታችኛው አጭዳለሁ?» አሉ። ያን ጊዜ አሳለፏቸው። አሁን በሣጥኑ ላይ የምታዩት እርጥብ ቄጤማ ይህ ነው፤ ከየት እንደመጣ ታውቆ ወደ ወይዘሮ እጸገነት የገባ የመጀመሪያው ቄጤማ።

ወይዘሮ እጸገነት አረጋዊ ልጆቻቸውን ራሕዋ አስመላሽንና ሃብተአብ አስመላሽን፣ የልጅ ልጃቸውን ኤልዳድን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ማዕዛ አረጋዊን፣ ሲጠረጠሩ ኖረው ሳይለዩአቸው የቀሩትን ወዳጃቸውን አቶ ኃይለማርያምን፣ ሲጠረጥሯቸው ኖረው እንደ እህት የሆኗቸውን ወይዘሮ ሸዋአየሁን፣ ከላይኛው ምንጭ የሚጠጡትን የሉጎ ልጆች፣ እንዲሁም ነገር ሁሉ ከየት እንደሆነ መጠየቅ ያስተማሩንን እኛን ሁላችንን ትተው ተለይተውናል።

ላይ ላዩን አይቶ የማይፈርድ፣ ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ የእናታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ከባዱን ጭቃ ለሌሎች ሲሉ የተሸከሙ ናቸውና፣ የሚለብሱትን አፈር ቀላል ያድርግላቸው። አሜን።